ደሴ ላይ ለፊገር የሚሆን ፕራይመር የቱ ነው? የረጨሁት ሁሉ አሸዋ አሸዋ እያለብኝ ነው

የጦሳ_ሥር

ሰላም ጀመዓው እንዴት ሰነበታችሁ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል። እኔ ደሴ ነኝ። ትንንሽ ፊገር፣ የሰውና የእንስሳ ምስል ማለት ነው፣ መቀባት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን የምጨነቀው ለላይኛው ቀለም ነበር እንጂ መጀመሪያ ከሥር ለሚቀባው ለፕራይመሩ ያን ያህል አላሰብኩም፣ አሁን ግን ሥራዬን ያስቆመኝ እሱ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ በትንሹ ልሥራው ብዬ ከተነሳሁ አምስት ወር አለፈኝ። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ወርጄ ያየሁት ነው፣ ግመሎቹ ተንበርክከው፣ አፋሮቹ ከብትና ፍየላቸውን ይዘው፣ ደገኞቹ እህላቸውን ዘርግተው፣ ያ ሁሉ ሰው ያ ሁሉ አቧራ እስካሁን ከዓይኔ አልወጣም። ጠቅላላ 14 ፊገር ነው፣ ልኩ 1 ለ 35 የሚባለው ነው፣ ማለትም አንድ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። 6ቱ ከሚገጣጠም የፕላስቲክ ኪት የወጡ ናቸው፣ ልብሳቸውን እኔ በፑቲ ቀይሬላቸዋለሁ። 5ቱን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በስሪዲ ፕሪንተር በሬዚን፣ በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ አትሞልኛል። 3ቱ ግመሎች ደሞ ብረት ናቸው፣ ያቺ ለስላሳ ነጭ ብረት፣ አጎቴ ነው ከውጭ የላከልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከመኪና ዕቃ መሸጫ አንድ ግራጫ የስፕሬይ ፕራይመር ገዛሁና ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በረንዳው ላይ አንዳንድ ከየዓይነቱ አውጥቼ ረጨኋቸው፣ አንድ ፕላስቲክ ሰውዬ፣ አንዲት የሬዚን ሴት፣ አንድ ግመል። ሲነጋ ባያቸው የግመሉ ፊት በጣት ሲዳሰስ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚመስለው፣ የዓይኑ ሽፋን የት እንደገባ አይታወቅም። ሰውዬው ላይ ነጭ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። ሴትዮዋ ከሁሉ የባሰች ናት፣ ትከሻዋን በጥፍሬ ነካ ባደርገው ፕራይመሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ መጣ፣ የነጠላዋ እጥፋት ከነቀለሙ እጄ ላይ ቀረ። እጥፋቱን በዓይነ ሕሊናዬ አያቴ ስትለብሰው እያየሁ ነበር የጓደኛዬን ፋይል ሳስተካክል የከረምኩት፣ በጣም ነው የከፋኝ።

እና ጥያቄዬ ምን ዓይነት ፕራይመር ነው የሚሻለኝ? በስፕሬይ ነው በብሩሽ? ሰው ጄሶም ይሆናል ይላል እውነት ነው? ጥቁር ይሁን ነጭ ይሁን ግራጫ? ለመስከረም የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ትመጣለች፣ ካስፈለገ አስመጣለሁ። 11 ያልተነኩ ፊገሮች አሉኝ፣ እነሱን ማበላሸት አልፈልግም።

ቦርከና_ቀለም

አብሽር ወንድሜ። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ረጪ ነኝ፣ ፊገር ነክቼ አላውቅም ግን የነገርከን በሽታ እኛ ጋ በየክረምቱ የሚመጣ ነው ሳላየው አውቀዋለሁ።

ያ ነጭ ጉም ያልከው እርጥበት ነው። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው፣ የተቀባውን ዕቃ ያቀዘቅዘዋል፣ አየሩ ውሃ የጠገበ ከሆነ ያ ውሃ ልክ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ገና እርጥብ የሆነው ቀለም ላይ ላብ ሆኖ ያርፋል፣ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንተ ደሞ የረጨኸው ዝናብ ባባራበት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደሴ ላይ። ዝናብ ቆመ ማለት አየሩ ደረቀ ማለት አደለም እኮ፣ እንደውም እርጥበቱ የሚብሰው ያኔ ነው።

አሸዋው ደሞ ሌላ ምክንያት አለው። አንደኛው ቆርቆሮው ራሱ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ግፊት ይወርድና ቀለሙን እንደ ጭስ አያወጣውም፣ ይተፋዋል። ሁለተኛው ከርቀት ረጭተህ ከሆነ ጠብታዋ አየር ላይ እያለች ትደርቅና ዱቄት ሆና ነው የምታርፈው። ከስንት ሳንቲም ላይ ነበር የረጨኸው? እኛ በስፕሬይ ስንሠራ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንድ ስንዝር ከምናምን በለው። ቆርቆሮውን ከመርጨትህ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቁመው፣ ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ የፈላ ውሃ ወይ ምድጃ አጠገብ ብታስቀምጠው ይፈነዳል። ከዛ ውስጡ ያለችው ኳስ እስክትንቀጫቀጭ፣ ከተንቀጫቀጨች በኋላም ሁለት ደቂቃ ሙሉ ናጠው።

ሰዓቱ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይሁን፣ ፀሐይ ከወጣች። ካልወጣች ተወው በቃ። እኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት የእርጥበት መለኪያ አለችኝ፣ ከ60 በመቶ በላይ ካሳየች ለደንበኛ ነገ ና ነው የምለው። ከፈለግህ ወደኛ ውረድ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው፣ ታክሲ ይዘህ ብትመጣ ረጭተህ ደርቆልህ ትመለሳለህ።

ሌላው፣ ለብረት በር የሚቀባውን ቀዩን አንቲረስት ሰው ቢመክርህ እሺ እንዳትል። ወፍራም ነው፣ ዘይት ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፣ 5 ሳንቲም ሰው ላይ ፊት የሚባል ነገር አያስቀርም። የናይትሮ ቲነር ያለበትም ፕላስቲክ ይበላል። የፕላስቲክ ኪት ፊገሮቹ የተያያዙበት ፍሬም ይኖርሃል አደል እንዳትጥለው፣ መጀመሪያ እሱ ላይ ረጭተህ እደር፣ ከለሰለሰ ወይ ከተጨማደደ ያንን ቆርቆሮ ለሌላ ሥራ አውለው።

እና ደሞ አደራ፣ ቤት ውስጥ ቡና ሊፈላ ከሰል ተቀጣጥሎ እያለ እዛው አካባቢ እንዳትረጭ። የሚወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል። አፍህንም ሸፍን።

ልጅ_ሐይቅ

እኔ ፕራይመር ተጠቅሜ አላውቅም፣ ተራ ጥቁር አክሪሊክ ቀብቼ ላዩ ላይ እሠራለሁ፣ ምንም አልሆነብኝም። ለምን ገንዘብህን ታባክናለህ?

ወልድያ_ሚጢጢ

ልጅ ሐይቅ ወንድሜ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የማይነካ ከሆነ ልክ ነህ፣ ሊቆይልህ ይችላል። ግን ተራ አክሪሊክ ራቁቱን ፕላስቲክ ላይ ስትቀባው ልክ ውሃ ቅባት ላይ እንደሚሆነው ሲሰበሰብ አላየህም? ጫፍ ጫፉ ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ ጣት ላይ፣ በትር ላይ ይሸሻል። ስለዚ ሰው ሦስቴ አራቴ ይደራርባል፣ ዝርዝሩም እዛው ይሞታል። ፕራይመር የሚለየው የሚይዝ ሙጫ ስላለው ነው፣ ሥሩን ነክሶ ይይዝና ላዩን ለቀለም ሻከር አድርጎ ያዘጋጃል።

የጦሳ ሥር፣ ሰላም ወንድሜ። የወልድያ ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ፊገር ቀብቻለሁ። ቦርከና የነገረህን ስለ አየሩ የሚጨመር የለውም፣ እጁ ይባረክ። እኔ ስለ ዕቃው ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተ አንድ ችግር አደለም ያለብህ፣ ሦስት ነው። ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ቆርቆሮ ነው የረጨኸው።

ከሴትዮዋ ልጀምር ልቤን የነካችው እሷ ናት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ ካልክ አየሩ ብቻ አደለም፣ ሬዚኑ አልታጠበም ወይ በደንብ አልደረቀም። ስሪዲ ፕሪንተር የሚያወጣው ሬዚን ላዩ ላይ ያልጠና ፈሳሽ ይዞ ነው የሚወጣው፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል መታጠብ አለበት፣ ከዛ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወይ በፀሐይ መጠንከር አለበት። ጓደኛህን አጥበኸዋል ወይ በለው፣ ሲዳሰስ ትንሽ እንኳ ተለጠፍ ተለጠፍ ካለ አልጠነከረም ማለት ነው። ያልተነኩትን 4ቱን እንደገና በአልኮል አጥበህ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቀህ፣ ከዛ ፀሐይ ስትወጣ መስኮት ላይ እያገላበጥክ አስጣቸው። ጓንት አድርግ፣ ያልጠና ሬዚን ቆዳ ያሳክካል። በሻጋታ የተቀዳ ሬዚን ቢሆን ኖሮ ደሞ ከሻጋታው እንዲለቅ የሚቀቡት ቅባት ስለሚኖር በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ነው ፕራይመር የሚነካው።

ግመሎቹ። ነጭ ብረት ለስላሳ ነው፣ በውሃ የሚሠሩ ፕራይመሮች በደንብ አይዙትም፣ በተለይ ቀጭን ቦታ ላይ፣ እግሩ ላይ ጆሮው ላይ እጅ በነካው ቁጥር ይላጣል። ለብረት በቲነር የሚሠራው ዓይነት ነው የሚበጀው፣ ስለዚ የመኪና ፕራይመር ሐሳብህ ለግመሎቹ ስህተት አልነበረም፣ ሰዓቱ ነው ስህተቱ። በሳሙና እጠባቸው፣ ብዙ ሰው ጥቂት አቼቶ በውሃ አድርጎ ዘፍዝፎ ነው የሚያጥበው እኔም እንደዛ አደርጋለሁ፣ ከዛ በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ አድርቅ፣ ከደረቀ በኋላ በባዶ እጅህ አትንካው የጣት ወዝ ይበቃዋል። የተበላሸውን ግመል ፍሬን ዘይት ውስጥ አሳድረው፣ ቀለሙ ይላቀቃል፣ በጥርስ ብሩሽ ታነሳዋለህ፣ ጓንት አድርገህ፣ መጨረሻ ላይ በሳሙና ደህና አድርገህ አጥበህ። ሬዚኗን ሴትዮ ግን ፍሬን ዘይት ውስጥ እንዳትከታት ያለሰልሳታል። እሷን የተነሳውን አንስተህ፣ የቀረውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አልስለህ፣ እንደገና አጥበህ ጀምር፣ ወይ ጓደኛህ ሌላ ያትምልህ፣ ፋይሏ አለ።

ፕላስቲኮቹ ቀላሎቹ ናቸው ሁሉም ነገር ይይዛቸዋል፣ የቦርከናን የፍሬም ምክር ብቻ አትርሳ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቆርቆሮ ሳልሞክር ረጭቼ የፊገሩ ጢም እንደ ቅቤ ሲፈስ ቆሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ያንተን አየር አውቀዋለሁ፣ ለክረምት የብሩሹን ነው የምመክርህ። ቫዬሆ የሚባለው የስፔን ኩባንያ ሰርፌስ ፕራይመር የሚለው አለው፣ አክሪሊክ ፖሊዩሬቴን ነው፣ በውሃ የሚሠራ ነው፣ አይሸትም፣ ቤት ውስጥ ይቀባል፣ እርጥበት ስፕሬዩን እንደሚያበላሸው አያበላሸውም፣ ዝም ብሎ መድረቂያውን ያዘገየዋል። በብሩሽም በኤርብራሽም፣ በአየር ግፊት በሚረጨው ትንሽ መርጫ፣ ይሆናል። ሲቀባ ግን እንደ ቀለም አትግፋው። ለስለስ ባለ ሰፋ ባለ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ስስ አድርገህ አልብሰውና እጅህን አንሳ፣ ተመልሰህ አትነካካው፣ ራሱ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ደሞ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ስታየው ዝርዝሩን የሸፈነው ይመስልሃል፣ ስትመለስ ወጥቶ ታገኘዋለህ። ዓይን ውስጥ ወይ ጣቶች መሀል ከተጠራቀመ በእርጥብ ንጹህ ብሩሽ ጫፍ ጠጣ አድርገህ አውጣው። ሁለተኛውን ድርብ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ። ከዛ 24 ሰዓት ተወው። ይሄ ነገር ሲነካ ደርቆ እያለ ውስጡ አልጠነከረም፣ ያኔ ከቧጨርከው እንደ ፕላስቲክ ላስቲክ ሆኖ ነው የሚነሳው፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስም አይወድም።

በጋ ሲገባ ወደ ስፕሬይ መመለስ ትችላለህ። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ፋይን ሰርፌስ ፕራይመር ለፕላስቲክም ለብረትም በጣም ስስ ሆኖ የሚቀመጥ ነው። ሚስተር ሰርፌሰር የሚባለው ፕራይመር ደሞ ቁጥር አለው፣ 500፣ 1000፣ 1200፣ 1500፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ደቃቅ እየሆነ ይሄዳል። 500 ጭረት ለመሙላት ነው ለፊት አይሆንም፣ ለፊገር 1200 ወይ 1500 ነው።

ለያዣ ደሞ የሃይላንድ ክዳን ላይ በትንሽ ሱፐር ግሉ አጣብቃቸው፣ ክዳኑን ይዘህ ታዞራለህ፣ ፊገሩ ላይ እጅህ አያርፍም።

ሮሃ_ገበታ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ላሊበላ ነኝ፣ የእንጨት ላይ ቅዱሳት ሥዕል ነው ሥራዬ፣ ስለ ጄሶው የተጠየቀ ስላለ ገባሁ።

ጄሶ በኛ ሥራ የቆየ ነገር ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በእንጨት ላይ የሣላቸው ጄሶ ተለብጦ ነው የተሠሩት። እንጨት ውሃ ይጠጣል፣ ቀለም ይጠጣል፣ ስለዚህ በመጀመሪያ ሙጫ ታጠጣዋለህ ከዛ ጄሶውን ከሙጫ ጋር አቅጥነህ ስስ ስስ እያደረግህ ትደራርባለህ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ ታለሰልሳለህ። እኔ ለአንድ ገበታ ስድስት ሰባት ጊዜ እደርባለሁ። ሥዕሉን የሚያሳምረው ያ የማይታየው ነው፣ እዚህ ጥያቄ ላይ ስደርስ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

ግን ላንተ አይሆንህም ልጄ። ገበታው ጠፍጣፋ ነው፣ ጄሶው ቢሞላው ያምርበታል። ያንተ ሴትዮ የነጠላ እጥፋት አላት፣ ጄሶ የሚያደርገው ያንን እጥፋት መሙላት ነው። ደሞ ሕንፃ መሣሪያ ቤት ጄሶ ብለህ ብትጠይቅ የሚሰጡህ ኮርኒስ የሚለሰንበትን ዱቄት ነው፣ ፕላስቲክና ብረት ላይ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይራገፋል። በጠርሙስ የሚመጣ ለሸራ የሚሆን አክሪሊክ ጄሶ የሚባል ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ዓይነቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ሲደርቅ ተሰብስቦ ጥሩ ይቀመጣል አንዳንዱ ወፍራም ነው። ላለህ 14 ምስል አልሞክረውም ነበር።

ለገበያው መሬት ግን ጄሶ ጥሩ ነው። ዱቄቱን ከኮላና ከውሃ ጋር ለውሰህ በላዩ ላይ እውነተኛ አፈር በወንፊት ብትነሰንስበት የባቲን አቧራ ይሰጥሃል።

የጦሳ_ሥር

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን ሁላችሁም፣ አንድ ቀን ሙሉ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ቦርከና ወንድሜ፣ ርቀቱን ለካሁት፣ ክንዴን ዘርግቼ ነው የረጨሁት ከ50 ሳንቲም ይበልጣል። ቆርቆሮው ደሞ በረንዳው ላይ ያደረ ነበር በረዶ ነበር የሚመስለው።

ወልድያ እህቴ፣ ጓደኛዬን ጠየቅኩት፣ አልኮል አልቆበት ስለነበር በሳሙና ብቻ ነው ያጠባቸው። እንደገና እያጠብኩ ነው። ለአክስቴ ልጅ ታዲያ ምን ልበላት? ታሚያውን ስፕሬይ ከዱባይ ታምጣልኝ? ቀለሙስ? ነጭ ልብስ የለበሱ አሉ፣ ቀይና ቢጫ መጠምጠሚያ አለ፣ ቆዳው ደሞ የኛ ሰው ቆዳ ነው፣ የማያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ስለ ነጭ ሰው ፊት ነው የሚያወሩት።

አባ ሮሃ፣ የመሬቱን ነገር ሲነግሩኝ ልቤ ነው የዘለለው። መሬቱን በፎም ነው የቆረጥኩት፣ እሱንም በስፕሬይ ግራጫ ላድርገው ብዬ ነበር።

ወልድያ_ሚጢጢ

ፎሙን በስፕሬይ እንዳትነካው!! ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ቲነር ፎም ይበላል፣ ዓይንህ እያየ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል። መጀመሪያ በኮላ ወይ አባ ባሉት የጄሶ ልውስ ሙሉ በሙሉ ልበጠው፣ ጎኑንም ሥሩንም፣ ከዛ በውሃ ቀለም ነው የምትሄደው።

የአክስትህን ልጅ ስፕሬይ አታስይዛት። የቀለም ስፕሬይ ተቀጣጣይ ስለሆነ በእጅ ሻንጣም በሚጫነው ሻንጣም አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ይቀማታል፣ በከንቱ ታስቸግራታለህ። የጠርሙሱም ሚስተር ሰርፌሰር ቲነር ስላለው ያው ነው። በውሃ የሚሠራው የቫዬሆ ፕራይመር ግን ተቀጣጣይ ስላልሆነ በሚጫነው ሻንጣ ትይዝልሃለች፣ በላስቲክ ጠቅልላ። የ17 ሚሊ ሊትር ትንሿ ለ14 ፊገር በብሩሽ ትበቃሃለች ግን 60ው ቢገኝ ደስ ይለኛል ለሚቀጥለው ሥራም ይሆንሃል። ለግመሎቹ እዛው ከመኪና ዕቃ መሸጫ የገዛኸውን ተጠቀም፣ በቦርከና ሰዓት።

ቀለሙ ላይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ የሚነግረኝ አጥቼ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ጥቁር ፕራይመር ብሩሽ ያልደረሰበትን ቦታ ጥላ አድርጎ ስለሚሸፍንልህ ምቹ ነው፣ ግን ላዩ ላይ ቢጫና ቀይ ስትቀባ ይሞታሉ፣ አምስት ጊዜ ብትደርብም አይበሩም። ነጭ ደሞ ቢጫውንና ቀዩን ያበራል ግን ያልቀባኸውን ሁሉ ያጋልጣል። ግራጫ መሀል ነው፣ ከዛ በላይ ግን ስህተት ያሳይሃል፣ የፑቲ መገጣጠሚያህን ያልለሰለሰውን ሁሉ ግራጫ ላይ ነው የምታየው።

ለኛ ሰው ቆዳ እኔ ከግራጫም ከጥቁርም ቡናማ ወይ ቀላ ያለ ቡናማ ነው የማደርገው። ታሚያ ኦክሳይድ ሬድ የሚለው አለው፣ ቫዬሆም ቀላ ያለ ቡናማ አለው። የኛ ፊት ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሚታየው ጉንጩና ግንባሩ ላይ ወርቅማ ነገር ነው፣ ጥላው ደሞ ጥቁር አደለም፣ ሞቅ ያለ ጠይም ቀይ ነው፣ የቡናማ ፕራይመር ያንን ጥላ በነፃ ይሰጥሃል፣ ዓይን ሥርና አንገት ሥር ሳትነካው ትተወዋለህ። ግራጫ ላይ የጀመርኩት የመጀመሪያ ፊቴ ታሞ የተኛ ሰው ነበር የሚመስለው፣ ብዙ ቡናማ ደርቤበት እንኳ ያ አመድነት ከሥር እየወጣ አስቸገረኝ።

ስለዚ ሁሉንም ቡናማ አድርግ፣ ከደረቀ በኋላ ነጠላውንና ጋቢውን፣ መጠምጠሚያውን ብቻ በነጭ ፕራይመር ወይ በነጭ አክሪሊክ ስስ አድርገህ ለይተህ አንሳው፣ ከላይ ፀሐይ የሚያርፍበትን ብቻ፣ እጥፋቱ ውስጥ ቡናማው ይቅር። ባቲ ላይ ቀትር ነው አደል የምትሠራው? ብርሃኑን ከአናት በኩል አስበው። ግመሎቹን ደሞ ግራጫ ከረጨህ በኋላ በዛው ቡናማ በጣም አቅጥነህ እለፍባቸው።

ቦርከና_ቀለም

ለግመሎቹ ቅዳሜ ና፣ እኔ እረጭልሃለሁ። ኮምፕሬሰሩም አለ፣ ካርቶን ውስጥ አቁመን ነው የምንሠራው ነፋስ እንዳያገኛቸው። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ጀምረህ፣ ከዕቃው ውጪ ጀምረህ ከዕቃው ውጪ ነው የምትጨርሰው፣ ላዩ ላይ የመርጫውን አፍንጫ ተጭነህ አትጀምርም አትለቅምም፣ ያኔ ነው የሚፈሰው።

ልጅ_ሐይቅ

ወልድያ እህቴ አመሰግናለሁ። ያንን መሸሽ የምትይውን እኔም አይቼዋለሁ፣ የብሩሹ ችግር ነበር የሚመስለኝ። ለአንዱ ፊገር ልሞክረው ነው።

የጦሳ_ሥር

ጀመዓው ተመልሻለሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ ለአዲሱ ዓመት። ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

ግመሎቹን ኮምቦልቻ ይዤ ወርጄ ነበር፣ ሦስቱንም፣ ያ የተበላሸው ፍሬን ዘይት ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ ቀለሙ እንዳለ ወልቋል። ቦርከና ወንድሜ ከቁርስ ጋር ነው የተቀበለኝ፣ አላህ ያክብርልኝ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው የረጨነው፣ ፀሐይ ነበረች፣ መለኪያዋ 48 በመቶ ትል ነበር። ቆርቆሮው ያው የኔው ቆርቆሮ ነው፣ ያ አሸዋ ያለብኝ፣ ለብ ባለ ውሃ ሞቆ፣ ከ25 ሳንቲም ላይ፣ ሦስት ጊዜ በስሱ። የዓይኑ ሽፋን አለ። የአፍንጫው ቀዳዳ ጥግ ላይ ያለችው መስመር ሳትቀር አለች፣ ያንን መስመር ኪቱ ሲመጣ እንኳ አላየሁትም ነበር።

የአክስቴ ልጅ 60ውን አመጣችልኝ፣ ቀላ ያለውን ቡናማ። ደሴ ዝናቡ ገና አልለቀቀም፣ ቤት ውስጥ ተቀምጬ በብሩሽ ነው የቀባሁት። ወልድያ እህቴ ተመልሰህ አትነካካው ያልሽው ነገር ከሁሉ ከባዱ ነው፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ላይ ነካካሁትና ትንሽ ዱካ አለበት ጀርባው ላይ ስለሆነ ግድግዳ አስደግፈዋለሁ። ሁለተኛው ላይ እጄን ሰበሰብኩ። ማታ ላይ ተሞልቶ ነበር ነጠላው፣ ጠዋት ስነሳ እጥፋቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰዋል። አንድ ቀን ብዬ ሁለት ቀን ተውኳቸው እርጥበቱን ፈርቼ። ሬዚኖቹን በጥፍሬ ሞከርኳቸው፣ ከሥር ከመሠረታቸው በኩል፣ አልተነሳም።

ያቺ ሴትዮ ጓደኛዬ እንደገና አተመልኝ፣ አሁን በአልኮል ታጥባ ነው የመጣችው። ትናንት ነጩን ትከሻዋ ላይ አነሳሁት፣ ከላይ ብቻ። እናቴ አልፋ ስትሄድ ቆም ብላ አየቻትና "ይቺ እማማን አትመስልም?" አለችኝ፣ ገና ፊቷን ሳልቀባው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ የተረፈው የቫዬሆ ጠርሙስ ደሴ ብርድ ላይ እንዴት ይቀመጣል?

ወልድያ_ሚጢጢ

እማማን ነፍሷን ይማር፣ ካሉም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ፎቶዋን ስትጨርስ ለጥፍልን።

ጠርሙሱን ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ በረንዳ ላይ እንዳታሳድረው፣ የውሃ ቀለም አንዴ በረዶ ከሆነ ሲቀልጥ ተቆራርጦ ይቀራል አይመለስም። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ዝጋው፣ የደረቀችው ፍርፋሪ ነች በሚቀጥለው ፊገር ፊት ላይ የምትወድቀው። ጫፉ ከተደፈነ በስቴኪኒ ክፈተው፣ በመርፌ አታስፋው።